ከመድረክ ሸሽቶ ማስተማር

«ጋሼ፣ 21 ዓመቴ ነው። አልቶ ሳክስፎን መንፋት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከሦስት ወር በፊት አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ የ16 ባር ሶሎ፣ ለብቻዬ የምነፋት አጭር ክፍል፣ ተሰጠኝ። ሁለተኛዋ ኖታ ላይ ሲጢጥ አለብኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰማው፤ ኪቦርዲስታችን ሳይቀር ሳቀ። የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ለሥራ ተጠርቼ ሦስቱንም ‹አሞኛል› ብዬ ቀረሁ። ሳክሱን ከሳጥኑ ካወጣሁት ሁለት ወር ሆነ። አሁን አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ጀማሪዎችን እንዳስተምር ጠይቆኛል። እናቴ ‹እግዜር የሰጠሽ ነው፣ ያዢው› ትላለች። የባንዳችን መሪ ደግሞ ‹ክፍል የገባ ሳክስፎኒስት ተመልሶ መድረክ ላይ አይታይም› አለኝ። እኔ ራሴ ሳልበቃ ሰው ማስተማር እችላለሁ? ማስተማር ብጀምርስ ተጫዋችነቴ አበቃለት ማለት ነው?

ሲጢጥ ያለባት»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ማስተማር ነው። የጻፍሽልኝ ግን ስለዚያች ምሽት ነው። ስምሽን እንኳ ያወጣሽው ከዚያች ድምፅ ነው። (ስሙን በዚሁ እንተወው፣ አልወደድኩትም።)

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሥራውን ተቀበዪ። ግን የመጀመሪያ ተማሪሽን ከማየትሽ በፊት አንዴ ሰው ፊት ወጥተሽ ንፊ። ትንሽ መድረክ ይሁን፣ አምስት ሰው ይስማሽ፣ ግድ የለም። ቅደም ተከተሉን ብቻ እንዳትገለብጪብኝ።

ለምን እንዲህ እንደምል ታውቂያለሽ? እኔ ልጅ ሆኜ መድረክ የሚፈራ አስተማሪ ነበረኝ። ስሙ ይቅር። ጎበዝ ነበር፣ ድምፁም ማር ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ገና ናችሁ» እያለ ሰው ፊት ሳያስነፋን ቆየ። ኮንሰርት በመጣ ቁጥር አንድ ምክንያት ይገኝለታል፤ ወይ ኖታው አልተጠናም፣ ወይ መሣሪያው ጥገና ይፈልጋል። እኛ የጥራት ነገር ነው ብለን እናደንቀው ነበር። በመጨረሻ ሌላ ሰው እጅ ገብቼ መድረክ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው የገባኝ፤ ሰውዬው ከሙዚቃው ጋር ፍርሃቱንም አስተምሮናል። አንቺም ተደብቀሽ ከገባሽ ልጆቹ ይቺኑ ይማሩብሻል።

አሁን ወደ ሲጢጧ እንምጣ፣ እንደ እርግማን አድርገሽ ስለጻፍሻት። ሳክስፎን አካሉ ናስ ነው፤ የሚናገረው ግን በሪድ፣ አፍ በሚገባው ማውዝፒስ ላይ በምትታሰር ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር፣ ስለሆነ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ነው የሚመደበው። ቱቦው ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ለመዝለል ዝግጁ ነው፤ ጣትሽን ሳትቀያይሪ ከታችኛው ኖታ ወደ ኦክታቩ፣ ማለትም ወደዚያው ኖታ ቀጭን ድምፅ፣ አልፎም ከዚያ በላይ ወዳሉት ድምፆች ይወጣል። የኦክታቭ ቁልፍ ሥራው ይኸው ነው፣ ስትፈልጊ ያዘልልልሻል። ሲጢጥ የሚለው ደግሞ ሳትፈልጊ ሲዘል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ችሎታሽ የሚናገረው ነገር የለም።

ለምን ዘለለ? ሪዷ ደርቃ ይሆናል። ጫፏ ተሸርፎ ወይም ማውዝፒሱ ላይ ጠማማ ተቀምጣ ይሆናል። ቀዳዳ ከሚዘጉት ፓዶች አንዱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ አየር አሾልኮ ይሆናል። የእጅሽ መዳፍ ሳታውቂው የጎን ቁልፍ ነክቶ ይሆናል። እኔ ግን ተወራረጂ ብትዪኝ ብሬን የማስይዘው ማውዝፒሱን መንከስሽ ላይ ነው። ሶሎሽን ስትጠብቂ ስንት ዘፈን ያህል ዝም ብለሽ ቆመሽ ነበር? ያን ሁሉ ጊዜ ሪዷ አየር ላይ ደርቃለች፣ አንቺም በፍርሃት አፍሽ ደርቋል፣ ሳክሱ ቀዝቅዟል፣ የቀዘቀዘ ሳክስ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ተጫዋቹ ሳይታወቀው ከፍ ላድርገው ብሎ መንጋጋውን ያጠብቃል፤ ሪዷ ተጨንቃ መርገብገብ ሲያቅታት ሽቅብ ትዘላለች። ነገሩ የአንድ ደቂቃ ዝግጅት ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ ቢያንስ አራት ሪድ ይኑርሽ። ቁጥር ጻፊባቸውና በየቀኑ እያፈራረቅሽ ንፊባቸው፣ አንዷ ላይ ሙጭጭ አትበዪ። ተራሽ ሊደርስ ሲል ሪዷን አርጥቢያት። ድምፅ ሳታወጪ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ወደ ቱቦው ልቀቂ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት በቱቦው አስገቢና ቁልፎቹን እየዘጋሽ እዪ፤ ብርሃን ከሾለከ አየርም እየሾለከ ነው፣ ወደ ጠጋኝ ይዘሽው ሂጂ። ትከሻሽን ጣል አድርጊው። ደግሞ ሶሎ ስትጀምሪ መሀለኛው ድምፅ ላይ ጀምሪ፤ ሰው ሳይሞቅ ጣራ ላይ አይወጣም።

«ግን ሰው ሳቀብኝ» ትዪኛለሽ። አዎ፣ ይሳቃል። ቻርሊ ፓርከርን ታውቂዋለሽ፣ እንደ አንቺ አልቶ ነፊ ነው። በ1936፣ ገና ልጅ እያለ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከትልልቆቹ ጋር ሊጫወት ወጥቶ ሐሳቡ ሲጠፋበት ድራመሩ ጆ ጆንስ ሲምባሉን ነቅሎ ወለሉ ላይ ወረወረበት ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰጂልኝ።) ከሳቅ ይከፋል እኮ! ልጁ ሄደና ተለማመደ። ሦስት አራት ዓመት ያህል በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት እነፋ ነበር ብሎ ራሱ በኋላ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ሰዓቱን እንዳትኮርጂ፣ ከንፈርሽ በሦስት ቀን ያብጣል። የምልሽ ተመልሶ ሄዷል ነው።

ከመድረክ መራቅ በራሱ ነውር የለውም። ሳክስፎኒስቱ ሶኒ ሮሊንስ በ1959፣ ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ ድንገት ሥራ አቁሞ ጠፋ። እስከ 1961 ድረስ ቤቱ ቢነፋ ጎረቤት እንዳይረበሽ ኒውዮርክ የሚገኘው የዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ እየወጣ፣ በሙቀቱም በብርዱም፣ ለብቻው ይለማመድ ነበር። እሱ የራቀው ከሰው ነው፣ ከሳክሱ አልራቀም። ያንቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄ እረፍት አይባልም፣ ሽሽት ነው፤ ስሙን በስሙ ብጠራው ቅር እንዳይልሽ።

የባንዱን መሪ ነገር ደግሞ እንየው። «ክፍል የገባ አይመለስም» ላለሽ ሰውዬ አንድ ጥያቄ አቅርቢለት፦ የመጀመሪያዋን ኖታ ያሳየው ማን ነው? መቼም ከሰማይ አልወረደችለትም።

ከዚህ አልፈሽ መከራከር ካማረሽ ከመሣሪያው ፈልሳፊ ጀምሪ። አዶልፍ ሳክስ በ1846 ፓሪስ ላይ ፓተንቱን አወጣ፤ ከ1857 እስከ 1870 ደግሞ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ በከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ራሱ ቆሞ ለወታደር ሙዚቀኞች ሳክስፎን ያስተምር ነበር። ሠርቶ መሸጥ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶታል፤ የሚነፋው ሰው ከሌለ መሣሪያው ዕቃ ነው። ገንዘብ ጠፍቶ ክፍሉ ሲዘጋ፣ እዚያው ቤት ሳክስፎን እንደገና ክፍል ያገኘው በ1942 ነው፣ በማርሴል ሙል አስተማሪነት። 72 ዓመት! ሙል ደግሞ እያስተማረ በአራት ሰው የሳክስፎን ኳርቴቱ መድረክ ላይ የሚውል ሰው ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የጃኪ ማክሊንን ነገር ነው። እሱም አልቶ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፣ ከባለቤቱ ከዶሊ ጋር ሆኖም እዚያው ከተማ ለልጆችና ለወጣቶች የኪነ ጥበብ ማዕከል አቋቋመ። ከዚያ በኋላም አልበም አውጥቷል፣ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ በ2006 እስኪያርፍ ድረስ የተጫዋችነቱም የመምህርነቱም ስም አብረውት ነበሩ። ዩሴፍ ላቲፍም በ1975 ዶክትሬቱን የያዘው በትምህርት ሙያ ነው፣ ቴነር ሳክስፎኑንም አልጣለም። ዋልተር ዳየት የሚባለው የቺካጎ መምህር ደግሞ ራሱ በመድረክ ብዙ አልታወቀም፤ ግን ሳክስፎኒስቶቹ ጆኒ ግሪፊንና ጂን አሞንስ ከእሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባንድ ነው የወጡት። አንድ ቀን ማስተማሩ ብቻ ይበቃኛል ብትዪ እኔ አልቃወምሽም። ደስ ብሎሽ ምረጪው እንጂ ፈርተሽ አይሁን።

«ሳልበቃ ማስተማር እችላለሁ?» ላልሽው፦ ለጀማሪ፣ አዎ። ስድስት ዓመት የነፋ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ብዙ አለው። እንዲያውም ጀማሪ ምን እንደሚቸግረው እኔ ረስቼዋለሁ፣ አንቺ ገና አልረሳሽውም። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቅም፣ ለሚቀጥለው ይዤ እመጣለሁ» በዪ። ልጅ ይህን ያከብራል። አንቺን ያለፈ ተማሪ ሲመጣም ወደሚሻለው አስተማሪ አሻግሪው፣ አትያዢው።

የመጀመሪያ ተማሪዬ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ «ስነፋ ምላሴ የት ነው የሚያርፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሥር ዓመት ነፍቼ መልሱን አላውቀውም! ቤት ገብቼ ከመስታወት ፊት ማውዝፒሱን አፌ ውስጥ ከትቼ ምላሴን ስፈልግ አመሸሁ። በዚያች ማታ የራሴ የኖታ አጀማመር ለምን ከባድ እንደሆነ ገባኝ፤ ለካ ሪዷን በምላሴ ጫፍ መንካት ሲገባኝ በመሀሉ ነበር የምደበድባት። ልጁ ነው ያስተካከለኝ ማለት ነው። ክፍያ የተቀበልኩት ደግሞ እኔ።

ጥፋትም አጥፍቻለሁ። የታች ከንፈሩን ጥርሱ ላይ ጠበቅ አድርጎ እንዲያጥፍ ነገርኩት፣ እኔን እንደዚያ ስላስተማሩኝ። ድምፁ ቀጠነ፣ ከንፈሩ ቆሰለ። ያን ልማድ ለማስለቀቅ አንድ ዓመት ፈጀብን። ስለዚህ የተነገረሽን ሁሉ ከማስተላለፍሽ በፊት በራስሽ አፍ ፈትሺው።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ሳክሱን ሙሉ አትስጪያቸው። ማውዝፒሱን ብቻ ይንፉ። የአልቶ ማውዝፒስ ብቻውን ሲነፋ፣ በክላሲካል አነፋፍ፣ ፒያኖ ላይ ካለው ላ ጋር ይቀራረባል፤ ድምፁ ከዚያ በላይ ከቀጠነ ልጁ እየነከሰ ነው። ይቺን ምርመራ አንቺም ዛሬ ሞክሪያት። ከዚያ የሳክሱን አንገት ጨምሪ፣ ከዚያ ሙሉውን። ጣት የሚጀመረው በግራ እጅ ነው፦ ሲ፣ ላ፣ ሶል። በሦስት ኖታ ብቻ ስንት ዜማ እንደሚወጣ ልጆቹ ሲያዩ ይገረማሉ።

የምታስነፊያቸውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ በድምፃቸው ያዚሙት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ላይ ሲያመጣው የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ ሰውዬው እየነፋ ሳይሆን እየተናገረ ይመስልሻል። ጉሮሮው ያላወቀውን ጣት ቢሮጥበት ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፣ አልቶ ላይ ዶ ብለሽ ስትነፊ ፒያኖ ላይ የሚሰማው ሚ ፍላት ነው። ይህን ካልነገርሻቸው ልጁ ቤት ሄዶ ከእህቱ ኪቦርድ ጋር ሲሞክር «ሳክሴ ተበላሽቷል» ብሎ ያለቅሳል። ደርሶብኛል፣ አባትየው ደውሎ ጮኸብኝ። ጣቱ ቁልፍ ላይ ያልደረሰለትን ትንሽ ልጅም አታስገድጂ፤ አንድ ዓመት ቢዘምርና ምት ቢማር ምንም አይቀርበትም።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም። በወር፣ አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ የቀረ ተማሪ ምን እንደሚሆን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። እዚህ ላይ ማፈር የለም።

የባንዱ መሪ ትንሽ እውነት ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ማስተማር ሰዓት ይበላል። ቀኑን ሙሉ ሲ፣ ላ፣ ሶል ስትሰሚ ውለሽ ማታ ሳክሱን ማየት ያስጠላል። የጠፉት ሰዎች እንዲህ ነው የጠፉት፤ አንድ ቀን ወስነው ሳይሆን ማታ ማታ ደክሟቸው። ስለዚህ የራስሽን ሰዓት ከተማሪዎቹ በፊት አድርጊው። ጠዋት፣ ከማንም በፊት። ሃያ ደቂቃ ረጃጅም ድምፅ፣ ከለስላሳ ወደ ጉልበት፣ ተመልሶ ወደ ለስላሳ። ከዚያ ስኬል በሜትሮኖም፣ በምት ቆጣሪ። ከዚያ የምትወጂውን። ለጊዜው በሳምንት ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ማስተማር አትቀበዪ፣ የቀረው ቀን የሥራ ጥሪ ይግባበት። ጆሮሽንም አስቢለት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳክስ ቀላል ጩኸት አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ገደብ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት ነው፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሙዚቀኛ የጆሮ መሰኪያ ግዢ። እኔ ሳልገዛ ነው ያረጀሁት፣ ዛሬ የቀኝ ጆሮዬ ያፏጫል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር፣ ወደ መመለሱ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ንፊ፣ ከንፈርሽ ስለሰነፈ ከግማሽ ሰዓት ጀምሪ። ከዚያ ያቺኑ 16 ባር አውጫት። አዎ፣ ያቺኑ። በግማሽ ፍጥነት ንፊያት፣ ቅጂያት፣ ስሚያት። ቀጥሎ አንድ ጓደኛሽን ጥሪና ፊቷ ቆመሽ ንፊ፤ ከአዳራሽ ይልቅ አንድ ሰው ያስፈራል፣ ታዪዋለሽ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያ የባንድ መሪ ጋ ደውዪ። «ታምሜ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው የቀረሁት» በዪው። ከባድ ናት ይቺ ዓረፍተ ነገር፣ ግን በሚቀጥለው ሲጠሩሽ ሌላ ውሸት ከመፈለግ ትገላግልሻለች። ሶሎ አትጠይቂ። ከትራምፔቱና ከትሮምቦኑ ጋር ሆነሽ የጋራ መልሱን ብቻ ልንፋ በዪ። እዚያ ውስጥ ብትሳሳቺም የሚሸፍንሽ አለ። ሁለት ሦስት ምሽት ካለፈ በኋላ ስምንት ባር ይስጡሽ።

እሱ አልፈልግሽም ካለ ሌላ ባንድ አለ። እሱም ከሌለ ሁለት ሙዚቀኛ ጓደኞችሽን ይዘሽ የምታውቂያቸው ሰዎች ፊት ሦስት ዘፈን ተጫወቺ። ይሄም ይቆጠርልሻል።

ሲጢጥ ቢልብሽስ? ይልብሻል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ይልብኛል። ሲልብሽ አትቁሚ፣ ፊትሽንም አታኮማትሪ፤ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ከድምፁ ይልቅ ከፊትሽ ነው። ተንፍሺና ቀጣዩን ሐረግ መሀለኛው ድምፅ ላይ ጀምሪ። ኪቦርዲስቱ ከሳቀ ይሳቅ፤ የእሱ መሣሪያ እንኳን ሲጢጥ ሊል ሪድ የለውም።

ለማሠልጠኛው ዛሬ መልስ ስጪ፦ «እሺ፣ ከአንድ ወር በኋላ እጀምራለሁ»። ተማሪዎችሽ የመጀመሪያ ኮንሰርታቸው ላይ ሲጢጥ ሲልባቸው፣ መቼም አይቀርላቸውም፣ የዚያችን ምሽት ታሪክ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እየሳቅሽ መንገር ስትችዪ ጻፊልኝ።

አሁን ሂጂና ሳጥኑን ክፈቺው። ያቺ የዚያን ምሽት ሪድ እስካሁን ማውዝፒሱ ላይ እንደታሰረች ናት፣ አይደል? ሁለት ወር ሙሉ! አውጥተሽ ጣያት፤ ማውዝፒሱንም ለብ ባለ ውኃ እጠቢው።